የክረምቱ ምረቃ፦ ከቶንጎ ወደ አሶሳ

ነሐሴ ሲጋመስ ከቶንጎ ተነስቶ አሶሳ ለመግባት የሚያስብ መንገደኛ ጉዞው የሚወሰነው በጭቃው ፈቃድ ነው። በዚህ የምዕራብ ጥግ ዝናቡ ከግንቦት ገደማ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል፤ በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ይብስበታል። ቶንጎ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል የማኦና ኮሞ ልዩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከምዕራብ ወለጋው ቤጊ ጋር ትጎራበታለች፤ የሱዳን ድንበርም ከዚያ ሩቅ አይደለም። ወደ ክልሉ ዋና ከተማ ወደ አሶሳ የሚወስደው መንገድ ባምባሲ ላይ ሲደርስ፣ ከአዲስ አበባ በነቀምት፣ በጊምቢና በመንዲ አድርጎ ከሚመጣው አውራ መንገድ ጋር ይገናኛል። የቆላው ቀርከሃ በዚህ ወቅት ቡቃያ ያወጣል፤ ቡቃያው ተቀቅሎ ይበላል፣ በአሶሳ ገበያም ይሸጣል። ገበሬው ከማሽላና ከበቆሎ አረም አይላቀቅም፤ ነጋዴው ጭነቱ መሀል መንገድ እንዳይቀርበት ጉዞ ይቆጥባል። ሌላው ሰው በየቤቱ በሚከተትበት በዚህ ወቅት ሻንጣ ይዘው ከሚወጡት አንዱ መምህሩ ነው። ትምህርት ቤቱ በሰኔ ተዘግቷል። እሱ ደግሞ ጠመኔውን አስቀምጦ ደብተር ይይዛል፣ ሁለቱን የዝናብ ወራት በዩኒቨርሲቲ ዶርም ይከርማል። እንዲህ አራት አምስት ክረምት ከተመላለሰ በኋላ በአንዱ ነሐሴ ቤተሰቡም በዚያው መንገድ ይከተለዋል፣ ምረቃውን ለማየት።

የዩኒቨርሲቲ ምረቃ ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው የመደበኛዎቹን ነው፤ ቴሌቪዥን የሚቀርጸውን፣ ሚኒስትር የክብር እንግዳ የሚሆንበትን፣ ዋንጫና ሜዳልያ የሚሸለምበትን። የክረምት ተማሪዎች በአንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ለብቻቸው ይመረቃሉ፣ በሌላው ከመደበኛዎቹ ጋር ይቀላቀላሉ፤ በሁለቱም ዘንድ ቦታቸው የተደራቢ ነው። እኔ ግን አሶሳን በመሰለ የጠረፍ ከተማ ላለ ዩኒቨርሲቲ፣ ቶንጎን ለመሰለ ወረዳ የሚያደርገውን አስተዋጽኦ ለመመዘን ከፈለግን መታየት ያለበት የክረምቱ ምረቃ ነው እላለሁ። ምክንያቱ ተመራቂው የሚሄድበት አቅጣጫ ነው። መደበኛው ተመራቂ ካባውን ባወለቀ ማግስት በአብዛኛው ከክልሉ ይወጣል። የክረምቱ ተመራቂ መስከረም ሲጠባ፣ ትናንት ትቶት ወደመጣው ክፍል፣ ትናንት ትቷቸው ወደመጣቸው ልጆች ይመለሳል።

መደበኛው ተመራቂ ይወጣል ማለቴን እንደ ነቀፌታ የሚወስድብኝ እንዳይኖር ላብራራው። አሶሳ ዩኒቨርሲቲ የሦስተኛው ትውልድ ከሚባሉት አንዱ ሲሆን ማስተማር የጀመረው በ2004 ዓ.ም. ነው። እንደ አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች መደበኛ ተማሪዎቹን የሚያገኘው በአገር አቀፍ ምደባ ነው። ስለዚህ በመደበኛው ምረቃ ግቢውን የሚሞላው ወላጅ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከጅማ፣ ከሐዋሳ የመጣ ነው፤ ከአዲስ አበባ የተነሳው እንኳ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ አቋርጧል። ልጁን ይዞ መመለሱ ተፈጥሯዊ ነው። ምደባው የተለያየ ክልል ልጆችን አንድ ላይ ለማኖር የታሰበ በመሆኑ የራሱ ጥቅም አለው፤ ለከተማዋም ገበያ፣ የቤት ኪራይና የባጃጅ ሥራ አምጥቷል። ይሁን እንጂ ዩኒቨርሲቲ ሲገነባ ለአካባቢው ሕዝብ የሚነገረው ቃል ከዚህ ይሰፋል። «ልጆቻችሁ እዚሁ ይማራሉ» ነው የሚባለው። ይህን ቃል በመደበኛው በር ብቻ ለመፈጸም ያለውን ችግር የ12ኛ ክፍል ፈተና ራሱ ይናገራል። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014ቱ ዙር ወዲህ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በመጀመሪያው ዓመት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ነበሩ። በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል። ይህ አዲስ አበባንና ታላላቆቹን አዳሪ ትምህርት ቤቶች ጨምሮ የአገሩ ሁሉ አማካይ ነው። በጠረፍ ወረዳ ያለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከዚህ አማካይ በላይ እንዲቆም የሚያደርገው ምን እንደሆነ ለመገመት ያስቸግራል። ሬሚዲያል ተብሎ በተጨመረው መግቢያ የሚያልፉ መኖራቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን ሬሚዲያል በ12 ዓመት ያልተማረን በጥቂት ወራት ለማካካስ የሚደረግ ሩጫ ነው። ጉድለቱ የተፈጠረው ከሥር፣ ንባብና ስሌት በሚጀመርበት ክፍል ነው። ያንን ክፍል የያዘው ሰው ደግሞ በሐምሌ ሻንጣውን ይዞ ወደ አሶሳ የሚወጣው ነው።

የተማረን ሰው ወደ ገጠር ለማድረስ አገራችን ብዙ ሞክራለች። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በ1957 ዓ.ም. በጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት፣ ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወጥቶ እንዲያገለግል ይገደድ ነበር፤ አብዛኞቹም የተመደቡት በአስተማሪነት ነው። በ1967 የዕድገት በኅብረት ዘመቻ መጣ። ሐምሌ 1 ቀን 1971 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ በ15 ቋንቋዎች ተሰጥቶ ለአገሪቱ የዩኔስኮን ሽልማት አስገኝቷል። እነዚህን ሥራዎች ማናናቅ ግፍ ነው፤ ዛሬ አዛውንት የሆኑ ስንቶች ስማቸውን መጻፍ የቻሉት በእነሱ ነው። ሦስቱንም የሚያመሳስላቸው ነገር ግን አለ። አስተማሪው እንግዳ ነበር። ዓመቱ ወይም ዙሩ ሲያልቅ መሄዱን እሱም ያውቃል፣ መንደሩም ያውቃል። የክረምቱ መርሃ ግብር ይህን ገልብጦታል፤ ምሁሩን ወደ መንደሩ መላኩ ቀርቶ የመንደሩ መምህር ወደ ምሁራኑ ሄዶ ይመለሳል። ማንም አዋጅ ሳያውጅለት፣ መዝሙር ሳይወጣለት ከዘመቻዎቹ ሁሉ ረዥም ዕድሜ ያገኘውም ይኸው ነው።

ነገሩ የእኛ ብቻ እንዳልሆነ የአሜሪካ ደቡብ ታሪክ ያሳያል። በዘር መለያየት ዘመን የደቡብ ግዛቶች ጥቁር መምህራን በነጮቹ ዩኒቨርሲቲዎች እንዳይማሩ ከልክለው፣ አንዳንዶቹም ከግዛታቸው ወጥተው ለሚማሩ ጥቁሮች ክፍያ መሸፈንን መርጠው ነበር። ስለዚህ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ብዙዎች ወደ ሰሜን ባቡር እየያዙ በኒውዮርኩ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲና በሌሎችም ይማሩ ነበር። ሴፕቲማ ክላርክ ከእነዚህ አንዷ ናት። በ1916 እ.ኤ.አ. በ18 ዓመቷ በደቡብ ካሮላይና ጆንስ ደሴት ማስተማር ጀመረች፤ በ1930 የእረፍቱን ጊዜ በኮሎምቢያ አሳለፈች፤ የመጀመሪያ ዲግሪዋን ያገኘችው በ1942፣ ሁለተኛውን በ1946 ነው። ሁለቱንም ያገኘችው እያስተማረች ነው። በ1956 የመብት ማኅበር አባልነቷን አልክድም በማለቷ ከሥራ ስትባረር፣ ያካበተችውን ይዛ ጎልማሶች አንብበው ድምፅ ለመስጠት እንዲበቁ የሚያዘጋጁ የዜግነት ትምህርት ቤቶችን ወደ ማደራጀት ገባች። የመጀመሪያው በ1957 የተከፈተው እዚያው ጆንስ ደሴት ላይ ነው። ይህ ለእኛ የሚጠቅመን ከአንድ ነጥብ አንጻር ነው፤ በእረፍት ወራት እየተቆራረጠ፣ በሃያ ሰላሳ ዓመት የተጠራቀመ ትምህርት ባለቤቱ ከማስተማር ስላልተነቀለ ብቻ የተለየ ፍሬ ሊሰጥ ይችላል።

የሚነሳው ትልቁ ተቃውሞ የጥራት ነው፤ «የክረምት ዲግሪ» የሚለው ቃል ራሱ በብዙ ሰው አፍ ከንፈር የሚያስመጥጥ ነው። ተቃውሞው ከባዶ አልተነሳም። በመደበኛው አንድ ወሰነ ትምህርት አራት ወር ያህል ይፈጃል። በክረምት ምዝገባውና ፈተናው ሲቀነስ ለማስተማር የሚተርፈው ጊዜ ከሁለት ወር በታች ነው፤ መምህራኑም ኮርሱን ለመጨረስ ሃንድአውት እየበተኑ ይሮጣሉ። በቀሪዎቹ አሥር ወራት ተማሪው ሞጁሉን ይዞ ብቻውን ነው፤ መብራትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ከተማ አሳይመንት መሥራት ምን እንደሚመስል መናገር አያስፈልግም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ሌላ ጣጣ ተጨምሯል። የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች በክረምቱ መግቢያ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ስለሚያርፉ፣ አንዱን ዶርምና አንዱን አዳራሽ በተመሳሳይ ሰሞን ሁለት ባለጉዳይ ይፈልገዋል። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። የማልቀበለው ከዚህ ተነስቶ መደበኛውን የጥራት መለኪያ ማድረግን ነው። የመውጫ ፈተና በሁሉም የትምህርት መስኮች ለመጀመሪያ ጊዜ በሐምሌ 2015 ሲሰጥ ከመንግሥትና ከግል ተቋማት የመጡት ተፈታኞች ከ150 ሺህ በላይ ነበሩ፤ ያለፉት ግን 40 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። አራት ዓመት ግቢ ውስጥ መቀመጥ በራሱ ዋስትና እንዳልሆነ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም። የክረምቱ ተማሪ ደግሞ መደበኛው የሌለው አንድ ሀብት አለው፤ ማስተማርን ሲማር በዓይነ ሕሊናው የሚያየው ክፍል እውነተኛ ነው። ልጅ ፊደል ቆጥሮ ቃል ማንበብ ለምን እንደሚያቅተው በሐምሌ የሰማውን በመስከረም ስማቸውን በሚያውቃቸው ልጆች ላይ ይሞክረዋል፣ ያልሠራውን ይዞ በሚቀጥለው ሐምሌ ይመለሳል። መደበኛው ተማሪ ይህን የሚያገኘው ለጥቂት ሳምንታት በሚወጣበት የማስተማር ልምምድ ነው። ዩኒቨርሲቲው ይህን ሀብት አይቶ ኮርሱን በእሱ ላይ ቢያዋቅር፣ አሥሩ ወራት የትምህርቱ አካል በሆኑ ነበር። አሁን ባለው አሠራር ባዶ ሆነው ያልፋሉ፤ ወቀሳው መሰንዘር ያለበት እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ያስቸግረኛል። መምህሩ ዲግሪውን የሚፈልገው ለማስተማር ሳይሆን ከማስተማር ለመውጣት ነው የሚል ነው። በየወረዳው ጽሕፈት ቤት ያሉ ባለሙያዎች ስንቶቹ የቀድሞ መምህራን እንደሆኑ የሚያውቅ ሰው ይህን በቀላሉ አያጣጥለውም። ደመወዙ ለወር መድረሻ በማይበቃበት አገር፣ የደረጃ እድገትና ጥቂት ብር ጭማሪ የሚያስገኝን ወረቀት በንጹሕ የእውቀት ፍቅር ብቻ ፈልገው ብሎ መጠየቅ ደግሞ ሰው አለማወቅ ነው። ይሁንና የሚወጡትም ቢሆኑ የት እንደሚወጡ መታየት አለበት። ከአንደኛ ደረጃ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ያለፈው አሁንም መምህር ነው፤ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት የገባው በዚያው ወረዳ የትምህርት ቤቶችን ጉዳይ ይዟል። ጤናና ግብርና የገባውም ቢሆን የሚኖረው እዚያው ነው። ቶንጎን ለመሰለ ቦታ የሰው ኃይል መፍሰስ አስጊ የሚሆነው ሰው ከወረዳው ሲወጣ ነው፤ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ቢሮ ሲሄድ ያን ያህል አይደለም። ጉዳቱ የሚቀረው በታችኛው ክፍል ላይ መሆኑን አልክድም። አንደኛ ክፍልን የሚያስተምር ጎበዝ መምህር ዲግሪ ሲያገኝ ወደ ላይ መሄዱ እንደ እድገት የሚቆጠርበት ሥርዓት እስካለ ድረስ፣ ፊደል የሚያስቆጥረው ሁልጊዜ ከሁሉ ያነሰ የተማረው ይሆናል። ይህን የሚያቃናው የደመወዝ እርከን እንጂ ምረቃን መንፈግ አይደለም።

ለቶንጎ መቆየት የሚችል ሰው ያለው ዋጋ በሰላሙ ጊዜ ብቻ አይለካም። በ2014 ዓ.ም. በታኅሣሥና በጥር በአካባቢው በተነሳው ግጭት፣ ከሱዳን ብሉ ናይል ለተሰደዱ ሰዎች በ2004 የተከፈተው የቶንጎ ካምፕና የጉሬ ሸምቦላው ካምፕ ባዶ ቀሩ። ከ20 ሺህ በላይ ስደተኞች ሁለተኛ ተሰደው በኋላ በአሶሳ በኩል ኡራ በተባለ ቦታ ሰፈሩ። በዚያን ዘመን ከአሶሳ በወለጋ አድርጎ ወደ መሀል አገር የሚወጣው መንገድም ለተደጋጋሚ ጊዜ ተዘግቶ ነበር። እንዲህ ባለ ወቅት ከሩቅ ተመድቦ የመጣ ባለሙያ አገሩ መግባቱ አይፈረድበትም፤ ቤተሰብ አለው። ትምህርት ቤቱ ዳግም ሲከፈት ግን በሩን የሚከፍተው ወትሮም መሄጃ የሌለው፣ ወይም መሄድ ያልፈለገው የአካባቢው መምህር ነው። ቋንቋውንም ጨምሩበት። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው፤ በማኦና ኮሞ ልዩ ወረዳ ግን ልጁ ትምህርት ቤት የሚገባው የማኦ ቋንቋዎችን፣ ኮሞኛን ወይም ኦሮምኛን ይዞ ሊሆን ይችላል። ሕፃኑ በመጀመሪያው ቀን የሚያለቅስበትን ምክንያት በልጁ አፍ የሚረዳ መምህር በአገር አቀፍ ምደባ አይገኝም። ማኦና ኮሞ በክልሉ ነባር ተብለው ከታወቁት አምስት ብሔረሰቦች በቁጥር አነስተኞቹ ናቸው፤ ከእነሱ መካከል አንድ ሰው በዲግሪ ሲመረቅ በትልቅ ሕዝብ ውስጥ መቶ ሰው ከሚመረቅበት ይልቅ ሊታይ ይገባዋል።

ስለ ድግሱ የሚነሳውን ወቀሳ በአጭሩ ልለፈው። የካባ ኪራይ፣ የፎቶ፣ የምረቃ መጽሔት፣ የበግ ዋጋ ሲደመር የመምህር ኪስ እንደሚጎዳ ግልጽ ነው፤ መጽሔቱ ቢቀር ማንም አይከፋም። ነገር ግን ጡት የሚጠባ ልጇን ከሞግዚት ጋር በአሶሳ አንዲት ክፍል ቤት ተከራይታ አስቀምጣ፣ ከክላስ ወደ ልጇ ስትሮጥ ክረምቶችን የገፋች መምህርት ሰው ሰብስባ እልል ቢባልላት አባካኝ የምትባልበት ምክንያት አይታየኝም። ደግሞም ድግሱ ከግቢው በር ውጭ የራሱ ሥራ አለው። ከቶንጎ የመጣ ወንድም ወይም ልጅ ዩኒቨርሲቲን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው በዚያ ቀን ሊሆን ይችላል፤ በካባ ውስጥ የሚያየውም የማያውቀውን የሌላ አገር ሰው ሳይሆን የራሱን መምህር ነው።

እንግዲህ ሥርዓቱ ራሱ ይህን እንዲያሳይ ማድረግ ይቻላል። በአገራችን በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የምረቃ ሥነ ሥርዓት እያንዳንዱ ስም አይጠራም፤ ዲኑ የትምህርት ክፍሉን ስም ጠርቶ ተማሪዎቹ መስፈርቱን ማሟላታቸውን ይናገራል፣ እነሱ ይነሳሉ፣ ፕሬዚዳንቱ በተሰጠው ሥልጣን ዲግሪውን ይሰጣል። በክረምቱ ምረቃ ላይ ከትምህርት ክፍሉ ቀጥሎ ተመራቂዎቹ የሚመለሱባቸው ወረዳዎች ቢጠሩ የሚጨምረው ጊዜ ደቂቃዎች ነው፤ ሬጅስትራሩ መረጃው በእጁ አለ። ይህ ለአካባቢ ስሜት መኮርኮሪያ ይሆናል የሚል ይኖር ይሆናል። ወረዳ ግን የሥራ ቦታ ነው፤ በአሶሳ ዙሪያ ከወሎ የሰፈሩ ቤተሰቦች ልጅም፣ የበርታ ልጅም፣ ከወለጋ የመጣውም በአንድ ወረዳ ስም ሊነሱ ይችላሉ። ከሁሉ በላይ የምፈልገው ግን የሚጠሩትን ሳይሆን የማይጠሩትን ነው። የክልሉ ትምህርት ቢሮ ኃላፊዎች በክብር ወንበር ተቀምጠው ባምባሲ ሲባል፣ ኩርሙክ ሲባል፣ ሸርቆሌ ሲባል ሰምተው፣ ማኦና ኮሞ ሳይባል ወደ ሌላው ክፍል ከታለፈ፣ በሚቀጥለው ሰኔ ለክረምት የሚላኩት መምህራን ዝርዝር ሲዘጋጅ ማንን መጠየቅ እንዳለባቸው ያውቃሉ።